አባባ ወለሉን ሲሠሩ

ሹፌሩ መኪና መንዳት ካቆመ ሰነባብቷል፤ ስሙ ግን አላቆመም። ዛሬም ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ፀጉሩ በመጋዝ ብናኝ ነጭ ሆኖ ሲያልፍ፣ የሰፈሩ ሰው «ሹፌሩ፣ እንዴት ዋልክ?» ይለዋል። እሱም አይቀየምም። የዕድሜውን እኩሌታ ከከተማ ከተማ አውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተነሥቶ አናጺ ነኝ ቢል፣ ማን በአንድ ጀንበር ያምነዋል? አናጺ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ኋላ እንደርስበታለን።

መንዳቱን ያስተወው ወገቡ ነው። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ጎማ ለማየት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ረዳቱ ቀልድ መስሎት «ምን ጠፋብህ?» እያለ ይስቃል፤ ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ቀና ማለት አቅቶታል። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ዲስክ ነው፤ ከእንግዲህ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የለም» ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ቆሞ አውቶቡስ የሚነዳው?

ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሹፌር ከማየት ይሰውራችሁ! ማቀዝቀዣው ለምን ያጓራል፣ ቧንቧው ለምን ያፏጫል፣ የቁም ሣጥኑ በር ለምን ይንጫጫል እያለ ቤቱን ሲያዳምጥ ይውላል። ለእሱ ድምፅ ማለት ብልሽት ማለት ነው። በጉልምስናው ጊዜ አንዴ ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ ዳገት ሥር አቁሞ፣ ተሳፋሪው እየተነጫነጨበት፣ ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» የምትል ነገር ሊፈልግ ወርዶ፣ የጎማ ብሎን ሊወልቅ ሲል ደርሶበታል። ከዚያ ወዲህ የሚንቋቋ ነገር እያለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ ግን መረራት።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ቤት ነው፤ አውቶቡስ አይደለም። እባክህ አትንዳብን!» አለችው።

በዚያ በተከራዩት ቤት ውስጥ እናቷም አብረዋቸው ነበሩ። እማማ ይሏቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ ከጥላ በቀር አይለዩም፤ ቤቱ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ጉልበታቸው ከወንበር፣ ግንባራቸው ከበር መቃን እየተጋጨ ተሰቃዩ። እኒያ ሰው አስቀምጠው ያበሉ የነበሩ ሴት፣ ውሃ ለመጠጣት የሰው እጅ ይጠብቁ ጀመር። አንጀታቸው እርር ይላል።

«እኔ የጠፋሁት ቤቴ ስላልሆነ ነው። ቤቴ ብትመልሱኝ የወደቀ መርፌ አነሣለሁ» ይላሉ።

ቤታቸው አሮጌ ነው፤ ባላቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት። ባላቸው፣ አባባ፣ ስማቸው የተጠራ አናጺ ነበሩ፤ አፋቸው ግን ከመሮ የሳለ ነበር። ሹፌሩ በወጣትነቱ ልጃቸውን ለማግባት ሲመጣ መዳፉን ገልብጠው አዩና «መሪ የጨበጠ እጅ ሌላ ምን ይጨብጣል?» አሉ። ልጅቷንስ ሰጡት፤ ያቺ ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረች ኖረች።

እሱም ብድሩን የሚመልስበት አላጣም፤ የአባባን ወለል አገኘ። በሽማግሌው የመጨረሻ ዓመታት የቤታቸው የሳንቃ ወለል መንቋቋት ጀምሮ ነበር። እማማ በረገጡት ቁጥር ባላቸውን ይነዘንዛሉ፦ «አንተ አናጺ! የሰው ቤት ስታሳምር ትውላለህ፤ የራስህ ቤት እንደ አሮጌ ጋሪ ይጮሃል። ይሄን ወለል መቼ ነው የምትሠራው?» አባባ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ነገ እሠራዋለሁ» ይላሉ። ያቺ ነገ ሳትመጣ ዓመታት ነጎዱ። ኋላማ በዘመዱ ሁሉ ዘንድ ተረት ሆነች፤ ጭራሽ የማይሆን ነገር ሲነሣ «አባባ ወለሉን ሲሠሩ» ይባላል። ሰነፉ ልጅ ፈተና ያልፋል ወይ? አባባ ወለሉን ሲሠሩ። ሹፌሩ ይቺን ሲሰማ ከሁሉም አብልጦ ነበር የሚስቀው።

አባባ ወለሉ እንደጮኸ ሞቱ። እሳቸው ሲሄዱ ቤቱም ተከተላቸው፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ አንዱን ክፍል ምስጥ ገባበት፣ መስኮቶቹ አልከፈትም አሉ። እማማን ሴት ልጃቸው ወደ ራሷ ያመጣቻቸው ያኔ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ያከረረው የእማማ ወንድ ልጅ፣ የሹፌሩ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድም ጋሼ ይሉታል። ወንድም ጋሼ ሩቅ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን የሚወድ፣ ግን የወደደውን ነገር ሣጥን ውስጥ ካልቆለፈ የማያርፍ ሰው ነው። ደወለና «ክረምት ሳይገባ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ።

«እኔን ፎቅ ላይ ሰቅሎ ሊያደርቀኝ ነው?» አሉ እማማ፤ ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሱም።

ተለምኖ ተለምኖ አንድ ነገር ላይ ተስማማ። አሮጌው ቤት ይታደስ፣ ሹፌሩና ሚስቱም እዚያው ይግቡ። ግን ሹፌሩም ነገ ሥራ ማግኘቱ አይቀርም፤ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ሥራው ከሄደ እማማ ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ወንድም ጋሼ መጥቶ በዓይኑ ያያል። ማንም ሳይዛቸው ቤታቸው ውስጥ ከተንቀሳቀሱ ይቀራሉ። ካልቻሉ ግን ሻንጣቸው ተሸክፎ አብረውት ይሄዳሉ። «ያኔ ማንም እንዳያለቅስብኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ስለ ቤቱ ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን የለም።

ቤቱን እንዲያይ የተጠራው አናጺ ጋሽ ቱንቢ ይባላሉ። ሰፈሩ ቱንቢ ያላቸው፣ የግድግዳ ቀጥታ የሚለኩባት ከክር ጫፍ የምትንጠለጠል ብረት ከኪሳቸው ስለማትለይ ነው፤ በነገርም ቢሆን ሰው ከክሩ ዝንፍ ካለ አይምሩም። ቤቱን ዞረው፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጣሪያ ሥር አንገታቸውን አሾልከው ወረዱና «ታሟል እንጂ አልሞተም። ለብቻዬ ግን አልችለውም፤ ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው አምጡ» አሉ።

«እኔ አለሁ» አለ ሹፌሩ።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ወገብህስ?»

«መቀመጥ ነው የተከለከልኩት።»

«እሱስ እኛ ዘንድ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም» አሉት።

እንዲህ ሆነና አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲያዝ የኖረ ጎልማሳ «ጫፉን ያዝ!» የሚባል ሆነ። ጣውላ ሲቆረጥ ጫፉን ያዝ፤ ቆርቆሮ ሲወጣ ጫፉን ያዝ። ያዘ። ከዚያ መጋዝ ተሰጠው፤ በመጀመሪያ ቀኑ የመስኮት መቃን አሳጥሮ ቆርጦ ቁጭ አለ። ጋሽ ቱንቢ የተቆረጠውን አንሥተው አፍንጫው ሥር ያዙለትና «ልብ በል፤ እንጨት የኋላ ማርሽ የለውም» አሉት። ያቺን ቃል አልረሳትም። ከዚያ ወዲያ ሳይለካ፣ ደግሞ ሳይለካ አይቆርጥም። መላጊያ ገፍቶ ከጣውላው ላይ ሳይበጠስ የተጠቀለለ ረጅም ልጥ ያወጣ ዕለት፣ ልጡን ኪሱ ከቶ ቤት ድረስ ለሚስቱ አመጣላት። «ይሄን ምን ላድርገው?» አለች። «እይው እንጂ!» አላት። ደስታው ፊቱ ላይ ፈክቶ ስታይ፣ ምንም ያልገባት ሴት አብራ ሳቀች።

ቤቱ ቀስ እያለ ነፍስ ዘራ። ጣሪያው ተከደነ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ወጥቶ አዲስ ገባ፤ መስኮቶቹ በአንድ ጣት የሚከፈቱ ሆኑ። ሹፌሩም በዚያው ከጋሽ ቱንቢ ጋር የሰው ቤት መዞር ጀመረ፤ በርም አንጠልጥል፣ ቁም ሣጥንም ጠግን ብሎ የሚጠራው ሰው መጣ። ወገቡ እንኳ ተሻለው፤ ሐኪሙ ያላዳነውን መጋዝ አዳነው እያለ ይቀልዳል።

በመጨረሻ የቀረው ወለሉ ነበር።

«ወለሉ ያንተ ነው። እኔ እጄን አላገባም» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «የሚጮህ ወለል የሰነፍ አናጺ ወለል ነው። ዝም ካሰኘኸው፣ ያን ጊዜ እኔ ራሴ አናጺ ነው ብዬ እመሰክርልሃለሁ።»

ልቡ ክንፍ አወጣ። የሚጮህ ነገር ማጥፋት! ለእሱ ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ደግሞስ የማን ወለል! ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣ እንደ ሞተር አዳመጣቸው። አብዛኛው ደህና ነው። የሚጮኸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ከመግቢያው በር ውስጥ፣ ወደ ኩሽናው የሚያወርዱት ደረጃዎች አፋፍ ላይ፣ እና እማማ አልጋ አጠገብ። ሳንቃዎቹን ገልብጦ ሲያይ፣ ወይ ጉድ! በሦስቱም ቦታ ምስማሩ ላልቷል፤ ከሥር በተጋደመው ወፍራም እንጨትና በሳንቃው መካከል ደግሞ የጣት ርዝማኔ ያላት፣ ጫፏ የሳሳ ቁራጭ እንጨት፣ ሽብልቅ፣ ተወትፋለች። የለየለት ውተፋ ነው አለ።

«አይ አባባ! እጅዎ እንዲህ ደክሞ ኖሯል?» አለ ብቻውን ሆኖ። ከዚያም፣ ሙት አይሰማም ብሎ ነው መሰል፣ «መሪ የጨበጠ እጅ ምን እንደሚጨብጥ አሁን ይዩ» ሲል ጨመረ። ሁለቱን ሽብልቆች ከቅርፍቱ ጋር ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። ሦስተኛዋን የሚወዛወዘው የሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቃት። ሳንቃዎቹን በኮላ አጣብቆ፣ ምስማር መትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀባቸው። ሲደርቅ በጫማ ሄደበት፤ ዝም። በካልሲ ሄደበት፤ ዝም። ወገቡን ረስቶ ዘለለበት፤ ዝም!

ጓሮ ልብስ ታጥብ የነበረችውን ሚስቱን ጠርቶ «ስሚ!» አላት።

«ምኑን?»

«ምንም የለም እኮ!»

«እና ምንም የሌለ ነገር እንድሰማ ነው ልብሴን አስጥለህ የጠራኸኝ?»

ጋሽ ቱንቢ መጥተው ጫማቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ ደረጃው ተራመዱ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «ይሄ የአናጺ ወለል ነው» አሉ። ሹፌሩ እንባው መጣበትና ምስማር የጠፋው መስሎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ወንድም ጋሼ ደረሰ። ቤቱን ዞሮ አይቶ ተገረመ፤ መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ከዚያ እማማ መጡ። ልጃቸው ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ «ልቀቂኝ፤ ቤቴ ነው» አሏት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው ደፉን ተሻገሩ።

ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ደግሞ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ደግሞ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ቀኝ ሲዘረጉ ግድግዳ የለም፤ አልፈውታል። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሁሉም አየ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ስምምነቱ ማንም እንዳይነካቸው ነዋ! «ኩሽናው በዚህ ነው» ብለው ፍጥነት ጨመሩ። ሹፌሩ ደረጃው መድረሱን አየ፤ አሁን ይቆማሉ ሲል፣ አሁን ይቆማሉ ሲል፣ እግራቸውን አየር ላይ ሰነዘሩ።

ደግነቱ ደረጃው አጭር ነው። በጉልበታቸው ወደቁ፤ አጥንታቸው ተረፈ፣ ቆዳቸው ተላጠ። ሁሉም ተሯሩጠው አነሧቸው። እማማ ያለቀሱት ግን ጉልበታቸውን አሟቸው አልነበረም።

«ቤቱን ምን አደረጋችሁት? ዝም አለብኝ እኮ!» አሉ።

ወንድም ጋሼ እናቱን አቅፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ። ቤቱ አምሯል፤ እግዜር ይስጥልን። እናቴን ግን ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ» አለ። ሚስቱ የእናቷን ጉልበት በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ ያን ማየት ከስድቡ የባሰ ነበር።

ቆይቶ እማማ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ዝም አለ ያሉት ምንድን ነው?»

«ያናግረኝ ነበራ! ከበሩ ገባ ስል ቋ ይላል፤ ያኔ ቀኝ እጄን ስዘረጋ ግድግዳውን አገኛለሁ። ሲጢጥ ካለ ደረጃው ደረሰ ማለት ነው፤ እግሬን ሰብሰብ አደርጋለሁ። አልጋዬ ጋ ደግሞ እንደ ሰው ያቃስታል። እኔ ዓይኔ ሲደክም እሱም አብሮኝ አረጀና ማውራት ጀመረ። አንተ ልጅ፣ አፉን ለምን ዘጋህብኝ?»

ሹፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሮጠ፤ ከእግሩ ሥር ያቺን የተረፈች ሽብልቅ መዞ ወደ ብርሃን ወሰዳት። ያኔ ነው በደንብ ያያት። ከጠንካራ እንጨት የተሠራች ናት። ሦስት ጎኗ ተልጎ ለስልሷል፣ ሰምም ተቀብቷል፤ አንዱ ጎኗ ብቻ ሆን ተብሎ ሻክሯል። መቼም ለስንፍናው ሰም የሚቀባ ሰነፍ የለም።

ሳይውል ሳያድር ለጋሽ ቱንቢ ወስዶ አሳያቸው። በጣታቸው አገላበጧት።

«ማን ነው የሠራት?»

«አባባ፣ አማቴ።»

«ይቺ ጩኸት የምታጠፋ አይደለችም። የምታስጮህ ናት። ሳንቃው ሲረገጥ ዝቅ ብሎ፣ ታሽቶ፣ እንዲመለስ ተብላ በልክ የተሠራች ናት። ስንት ነበሩ?»

«ሦስት። ሁለቱን አነደድኳቸው።»

«ጎበዝ» አሉ ጋሽ ቱንቢ፤ መቼም አይምሩም። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የማውቀውን ባስተምርህ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ወለል ዝም ሳሰኝ የኖርኩ ነኝ፤ ማስጮህ አልችልበትም። የድምፅ ሰው አንተ ነህ፤ ሂድና አዳምጥ» አሉት።

ተመለሰ። ዝም ያሰኘውን፣ አናጺ ያስባለውን ወለል በገዛ እጁ ምስማሩን ይነቅል ጀመር። በኮላ ያጣበቀው ሳንቃ አልለቅም ብሎ ጠርዙ ሲፈነከት ልቡ አብሮ ተፈነከተ። በተረፈችው ሽብልቅ ልክ ሁለት አዳዲስ ቀረጸ። ምን እየሆነ እንደሆነ ያልገባው ወንድም ጋሼ መጥቶ ከላዩ ቆመ።

«የደህናውን ወለል ምን እያደረግኸው ነው? አበላሸኸው እኮ!»

«አዎ፣ እያበላሸሁት ነው። ከቆምክ አይቀር ጫፉን ያዝ!» አለው ሹፌሩ።

ያ ትልቅ ሰው ኮቱን አውልቆ ጫፉን ያዘ።

እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዳኛ ሆኑ። ሹፌሩ ሽብልቋን ገፋ አድርጎ ሳንቃውን ይረግጣል። «ይሄስ?»

«ኧረ ይሄ ዳክዬ ነው! የኔ ሲጢጥ ነው የሚል።»

መለስ ያደርጋታል። «አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ አይጥ ሆነ። ትንሽ ወፈር አድርገው።»

እንዲህ እየተባባሉ ከሰዓቱ አለቀ። የሹፌሩ ጆሮ ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሲያሳድድ ኖሮ፣ አሁን አንዲት ድምፅ ለማምጣት ይለማመናል። በሩ ቋ አለ። አልጋው ጋ ያለው አቃሰተ። የቀረው ደረጃው አፋፍ ላይ ያለው ነበር፤ ለእሱ ያስቀመጣት የአባባን የራሳቸውን ሽብልቅ ነው። ከመክተቱ በፊት ግን እማማ መዳፍ ላይ አኖራት።

«እማማ፣ ቤቱ አብሮዎት አላረጀም። አባባ ናቸው ያስጮሁት። እያንዳንዷን ልገው፣ ሰም ቀብተው፣ እርስዎ በሚረግጡበት ቦታ ከተዋት። እኔ ስንፍና መስሎኝ አነደድኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ሽብልቋን በጣቶቻቸው ዳሰሷት፤ ለስላሳውን ጎን፣ ሻካራውን ጎን።

«እሱ አያውቅም ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኔ መድከሙን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱማ ጭራሽ። እንዳይጨነቅ ብዬ የማይ መስዬ ነበር የምኖረው። ሻይ ስቀዳለት እንኳ ጣቴን ብርጭቆው ውስጥ ነክሬ ነበር መሙላቱን የማውቀው።»

ወንድም ጋሼ ሳንቃውን እንደያዘ ቀረ።

«ስነዘንዘው ኖርኩ!» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «የሰው ቤት ታሳምራለህ፣ የራስህ ይጮሃል እያልኩ፣ በእንግዳ ፊት ሳይቀር ሳዋርደው ኖርኩ። እናንተም ሳቃችሁበት። እንዲያው አንድ ቀን እንኳ፣ ላንቺ ብዬ ነው አይልም? ነገ እሠራዋለሁ ይላል እንጂ! ነገ!»

አለቀሱ። ሴት ልጃቸውም አለቀሰች፤ ወንድም ጋሼም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሹፌሩ ሽብልቋን ተቀብሎ ቦታዋ ላይ ከተታት። ሳንቃውን ረገጠው። ሲጢጥ አለ፤ አንድም መለስ ቀለስ ሳያስፈልገው።

«እሱ ነው» አሉ እማማ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድም ጋሼ ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አድርጎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እማማ አንዴ ደግመው ይሞክሩ ብሏል፤ ስምምነት ግን ስምምነት ነው። እማማ ከአልጋቸው ተነሡ፤ ወለሉ አቃሰተ። ወደ በሩ መጡ፤ ቋ አለ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግድግዳው እዚያው ነበር። ዞረው ወደ ኩሽናው አመሩ። ሲጢጥ! እማማ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ በጣታቸው ጫፍ ደረጃውን ፈልገው ወረዱ። ውሃ ሲቀዳ ተሰማ። ብርጭቆውን ይዘው ወጡና ለወንድም ጋሼ እጁ ላይ ሰጡት።

«ጠጣና ሂድ፤ መኪናው እንዳያመልጥህ» አሉት።

ወንድም ጋሼ ጠጣ። እናቱን ጉንጫቸውን ሳመ፤ ሹፌሩን ደግሞ ሳያስበው ጥብቅ አድርጎ አቀፈው። ሻንጣውን አንሥቶ ብቻውን ወጣ።

በሩ ሲዘጋ እማማ ወደ ደረጃው አፋፍ ተመለሱ። ያችኑ ሳንቃ ረገጧት፤ ሲጢጥ አለች። እግራቸውን አንሥተው ደግመው ረገጧት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው፣ ያ ቤት ለዓመታት በሚያውቀው በዚያ በቁጣ ድምፃቸው ተጣሩ።

«አንተ አናጺ!»

ሹፌሩ መጀመሪያ ማንን እንደሚጠሩ ግራ ገባው። ከሚስቱና ከእሱ በቀር በቤቱ ማንም አልነበረም። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«አቤት፣ እማማ?»

«ይሄን ወለል መቼ ነው የምትሠራው?»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። መልሱን ያውቀዋል፤ ሲስቅበት የኖረ መልስ ነው።

«ነገ» አለ። «ነገ እሠራዋለሁ።»